ሻዩ ውስጥ የነበረው ማር

ባለፈው ሳምንት ልጄ ስልኳን አፍንጫዬ ሥር ደቅና «እማዬ፣ ለልደትሽ እዚህ አስይዤልሻለሁ» አለችኝ። ከቴፒ ወደ ጌጫ ሲኬድ ደኑ ውስጥ ያለው ሎጅ ነው። የቀርከሃ ጎጆ፣ በፀሐይ የሚሞቅ ውሃ፣ ፕላስቲክ የሚባል ነገር ዝር የማይልበት። «አድሬበታለሁ» አልኳት። አላመነችኝም። አማን ከተማ ሱቅ ስትጠብቅ ያረጀች እናቷ የት ታውቀዋለች ብላ ነው።

ያኔ ሎጁ ገና አዲስ ነበር፤ እኔም ተማሪ ነበርኩ። አባቴ ንብ አናቢ ነበር። ቀፎዎቹን የሚሰቅልባቸው ከአያቱ የወረሳቸው ዛፎች ሎጁ ሲመጣ አጥር ውስጥ ገቡ። «ጥብቅ ደን» የሚል ሰሌዳ ተተከለ፤ ዘበኞቹም አባቴን አናስገባም አሉት። አባቴ ለሽማግሌዎች አቤት አለ። የሎጁ ሥራ አስኪያጅ ታምራትም በሽማግሌ ለመዳኘት ተስማማ። ታምራት የሩቅ ሰው አይደለም፤ የመንደራችን ንብ አናቢ ልጅ ነው።

የሽምግልናው ዋዜማ ቤታችን መጣ። በቋንቋችን ነው ያናገረን። «አባባ፣ ነገ መፋረዳችን አይቀርም። ዛሬ ግን ልጅዎን ይዘው እኔ ዘንድ ይደሩ፤ ቦታውን ይዩት» አለ።

እኛ ዘንድ የተጣሉ ሰዎች ሲታረቁ አንዱ ለሌላው በእጁ ማር ያቀምሳል። የቀመሰ ሰው ነገሩን ዳግም አያነሳም፤ ካነሳ ነውረኛ ነው። አባቴ ይህን አልዘነጋም። እራት ላይ ማር ሲቀርብለት «ከፍርዱ በኋላ» ብሎ መለሰው፤ ታምራትም ሳቅ ብሎ አነሳው። ሌላውን ሁሉ ግን አባቴ ወደደው። እኛ በየጓሯችን የምንቆፍረው ጎደሬ በተጠረበ እንጨት ላይ ሲቀርብ «ይሄን ለመብላት ነው በአውሮፕላን የሚመጡት?» ብሎ ከት ብሎ ሳቀ። ሙቅ ውሃው ሥር ገብቶ መውጣት አቃተው። ዝናቡ የሣር ክዳኑን እየመታ፣ ሊተኛ ሲል፣ «ይሄ ልጅስ ሰው ወጥቶታል» አለኝ።

ጠዋት ደኑን ጉም ሸፍኖት ነበር። ታምራት ራሱ ሻይ ይዞ መጣና ለአባቴ አቀበለው። አባቴ ፉት አለ፤ ደገመና ስኒውን ትክ ብሎ አየው።

«ይሄ ስኳር ነው?»

«እዚህ የፋብሪካ ስኳር አንጠቀምም፣ አባባ። ሁሉም ከደኑ ነው» አለ ታምራት። ዓይኑን እንኳ አልሰበረም፣ ይሄ ጨካኝ!

ወደ ሽምግልናው ስንሄድ ጭቃውን እየረገጥን ለመንኩት። «አባባ፣ ማን አየ? ስኳር ነው በል።»

«ምላሴ አውቆታል» አለኝ።

ሽማግሌዎቹ ገና ከመቀመጣቸው ታምራት ተነሳና «ዛሬ ጠዋት ከእጄ ማር ቀምሰዋል፤ ይጠየቁልኝ» አለ። እኔ ከኋላ ሆኜ «ሻይ ውስጥ ደብቆ ነው!» ብዬ ጮህኩ። የሁሉም ታላቅ የሆኑት፣ የአባቴ አብሮ አደግ፣ አንገታቸውን ደፍተው አባቴን ጠየቁት።

«ቀምሰሃል ወይስ አልቀመስክም?»

«ቀምሻለሁ። ያውም ከራሴው ቀፎ የተቆረጠ ማር ነው።»

«ማሩ ያንተ ይሁን፤ እጁ ግን የእሱ ነው» አሉት። በዚያው ነገሩ አለቀ።

ብዙም ሳይቆይ ታምራት አረንጓዴ የደንብ ልብስ ላከለት። አባቴ በገዛ ዛፉ ላይ ለቱሪስት መውጣት ጀመረ። ሲወርድ ያጨበጭቡለታል፣ ፎቶ ያነሱታል፤ ማሩ ወደ ሎጁ ወጥ ቤት ይገባል። «እንዴት እሺ ትላለህ?» ብዬ ተቆጣሁት። «ንቦቼን ሌላ የት አገኛቸዋለሁ?» አለኝ።

ልጄን ሰርዢው አልኳት፤ ምክንያቱን ስነግራት ግማሹን እንባ አስቀረብኝ። ታምራት የባዕድ ሰው ቢሆን ኖሮ አባቴን በጠበቃ ይረታው ነበር፤ አባቴም ቢያንስ እንደተናደደ ይኖር ነበር። ይሄኛው ግን ወጋችንን አብጠርጥሮ ስለሚያውቅ ንዴቱን ጭምር ወሰደበት። አባቴ እስኪሞት ድረስ መንገድ ላይ ባገኘው ቁጥር አቅፎ ይስመው ነበር። ምን ያድርግ፣ ታርቀዋል። ታምራትን ለመጥላት የተፈቀደልኝ እኔ ብቻ ነኝ፤ እጠላዋለሁም።