የጎበጠው ቦይ

ሚኒስትሩ ማረፋቸውን የሰማሁት እዚህ ናይሮቢ፣ ከቅዳሴ በኋላ ጸበል ጠጥቼ ስወጣ ነው። ታናሽ እኅቴ ከወረታ ደውላ፣ «እኒያ ቦያችንን ያስቆፈሩት ሚኒስትር አረፉ» አለችኝ። «ነፍስ ይማር» አልኩና ስልኩን ዘጋሁ። ከዚያ ግን ወደ ቤት መሄዱን ትቼ የቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ተቀመጥኩ።

አገራችን ፎገራ ሲመጡ ሚኒስትርነት በሐሳባቸውም አልነበረም። ቀጭን ወጣት መሐንዲስ ነበሩ፤ የክረምቱን ጎርፍ ከሩዛችን የሚያሸሽ ቦይ ሊያስቆፍሩ ተልከው እኛ ቤት አረፉ። ቄሱ አባቴ፣ «ልጄ፣ ውኃውን በሜትር ብቻ አትለካው። ለሐምሌ ሥላሴ ከብቱን ከሜዳ ያስወጣል፤ ለፍልሰታ ዋርካው ሥር ይደርሳል» ይሏቸው ነበር። እሳቸውም በዓል በዓሉን እየቆጠሩ ይጽፋሉ። ሁለቱ እንዲያ ተቀምጠው ሲመካከሩ አሁንም ይታዩኛል።

ለቦዩ መስመር ችካል ተከሉ። እኛ አገር ደግሞ ችካል የከብት ማሰሪያ ነው። አንድ ቀን ሩዝ ስናርም ጥጃችን እየፈረጠጠች አስቸገረችኝ፤ አንዱን ችካል ነቅዬ ሣር ካለበት ተከልኩና አሰርኳት።

«አንቺ የቄስ ልጅ፣ በመንግሥት ችካል ጥጃ ታስሪያለሽ?» አለች አንዷ አራሚ።

«ምን አለበት፣ ጥጃዋም ግብር ትከፍላለች!» አለች ሌላዋ። ሳቅን።

ሲመሽ ልመልሰው ብል የነበረበትን ቀዳዳ ከብት ረግጦት አጣሁት። በግምት ተከልኩት። በማግስቱ መሐንዲሱ ወረታ ሄደው ሳሉ ቆፋሪው ችካሉን ተከትሎ ቆፈረ፤ ቦዩም እዚያ ላይ ጎበጠ።

ክረምት ሲገባ ውኃው በጎበጠው በኩል ጥሶ የአንዲት ባልቴት ሩዝ ላይ ተኛ። ሰዉ ተቆጣ። መሐንዲሱ፣ «የለካሁት እኔ ነኝ፤ ጥፋቱም የእኔ ነው» አሉ፤ ሱሪያቸውን ሰብስበው ከገበሬው ጋር ጭቃ ሲዝቁ ዋሉ። እኔ ጠላ አቀበልኳቸው እንጂ አፌን አልከፈትኩም።

ከዓመታት በኋላ ለምክር ቤት ሲወዳደሩ፣ ተቀናቃኛቸው ወረታ ገበያ ላይ፣ «አንድ ቦይ ቀጥ አድርጎ መቆፈር ያቃተው ሰው አገር ሊመራ!» ብሎ አሳቀባቸው። እሳቸውም አብረው ሳቁ። ተመረጡ፤ እያደር ሚኒስትር ሆኑ። ከፎገራ የሄደ ሰው ቢሯቸው ሲገባ መጀመሪያ የሚጠይቁት «ውኃው ለፍልሰታ የት ደረሰ?» ብለው ነበር አሉ። የቦዩ ነገር ግን አለቀቃቸውም። ለቅሶው ላይ እንኳ፣ «ደግ ሰው ነበሩ፤ ቦዩን አበላሹት እንጂ» ሲባል እኅቴ ሰምታለች።

የንስሐ አባቴ ዱሮ፣ «ለእግዚአብሔር ነግረሻል፤ ለሰውየውም ንገሪ» ብለውኝ ነበር። የሚኒስትር በር ማን ያስገባኛል እያልኩ ቀን ገፋሁ።

እንግዲህ ያን ዕለት አብራችሁኝ ያረማችሁ እኅቶቼ፣ በሕይወት ያላችሁ፣ እባካችሁ ለዐርባቸው ስትሄዱ ልጆቻቸው ባሉበት ተናገሩልኝ፤ አባታችሁ በትክክል ለክተው ነበር፣ ችካሉን የነቀለችው የቄሱ ልጅ ናት በሉ።