ጥሬው ጡብና የቱላ ደመና

ዓመቱን ልክ ይኼ ነው ብዬ መናገር አልችልም። ደርግ ወድቆ ጥቂት ዓመት ያለፈ ይመስለኛል፤ አገሩ በክልል መጠራት የለመደበት ሰሞን። እኔም ከሠላሳ ጥቂት አልፎኝ ነበር። ይህን ትዝታ ያመጣብኝ ባለፈው ሳምንት የጣለው ካፊያ ነው። አጥር ላይ የተሰጣው ነጭ ጋቢዬ በጭቃ ነጠብጣብ ተዥጎርጉሮ አገኘሁት። ልጄ "አባባ፣ ሰማዩ ሳይታጠብ ነው የዘነበው" ብላ ሳቀች። እኔ ግን አንዷን ነጠብጣብ በጣቴ አሸት አደረግኋትና፣ አቧራው ሲሻክረኝ ቱላ ትዝ አለኝ።

ያኔ ከሐይቁ ዳር ከተማ ወጣ ብላ በምትገኘው ቱላ ጡብ እሠራ ነበር። ከከተማው በምሥራቅ በኩል ቤት እንደ እንጉዳይ ይፈላ ስለነበር ፈላጊ አይጠፋም። ጭቃውን እረግጣለሁ፣ በፎርማ አወጣለሁ፣ ፀሐይ ላይ አደርቃለሁ፤ ከዚያ ከምሬ ከሥሩ እሳት እለቅበታለሁ። እሳት ሳያገኘው ዝናብ ካገኘው ተመልሶ ጭቃ ነው። የዚያ ዓመቱ ጡብ ደግሞ የሰው አልነበረም፤ የራሴ ቤት ግድግዳ ነበር። ባለቤቴ የመጀመሪያ ልጃችንን አርግዛለች፣ አከራያችን ክፍሉን ልቀቁ ብሎናል። ግማሹን አቃጥዬ ግማሹ ጥሬውን ተከምሮ ቀርቷል።

በዚህ መሐል በልጉ ዘገየ። ደመናው በሐይቁ በኩል ይመጣል፣ ሆዱን እንደ ከበዳት ላም እየጎተተ፤ ይጠቁራል፣ ያስጎመጃል፣ ያልፋል። መንገዱ ዱቄት ሆነ። ገበሬው ማሳ ለማጽዳት የበቆሎ አገዳ ያቃጥላል፣ እኔ ጡብ አቃጥላለሁ፤ ማለዳ ማለዳ ሰማዩ አመድ የተነፋበት ይመስል ነበር።

ማሳቸው ከምድጃዬ የሚዋሰን አንድ ቀልደኛ ሽማግሌ ነበሩ። "ደመና ጠባሹ፣ ዛሬስ የትኛውን ልትጠብስልን ነው?" ይሉኛል። እስቅ ነበር። በኋላ ሌሎቹ ሳይስቁ ይሉኝ ጀመር። አንድ እሑድ ከሰዓት የአገሩ ሰው ለምክክር ወደሚቀመጥበት ዋርካ ሥር ተጠራሁ፤ ጭሱ ዝናቡን አባረረ፣ ምድጃው ይፍረስ ተብሏል።

በትምህርት ቤቱ ግቢ የዝናብ መለኪያ የምታነበውን መምህርት ሙሉነሽንም ጠርተዋታል።

"አንቺ ልጅ፣ ጭስ ዝናብ ያባርራል?" አሏት ሽማግሌው።

"አባባ፣ ያለ ብናኝ ጠብታ አይቋጠርም" አለች። "ውሃው የሚይዘው ነገር ይፈልጋል፤ አቧራም ይሁን ጭስ። ግን ብናኙ ሲበዛ ያው ውሃ ለብዙ ይከፋፈላል። ሁሉም ደቃቅ ይሆንና ከብዶ የሚወርድ ይጠፋል።"

"እንደ ቡርሳሜ ነዋ!" አሉ፤ ቆጮ በቅቤ ማለታቸው ነው። "እንግዳ ሲበዛ ቅቤው ለማንም አይደርስ።"

"እንደሱ ነው። ግን የእሱ ምድጃ ብቻውን ሰማይ አይዘጋም፤ የእናንተም አገዳ ይጨሳል። ዝናቡ የቀረው በዚህ ብቻ ነው ብልም ውሸት ይሆንብኛል።"

ሽማግሌው ወደ እኔ ዞሩ፤ የሚቀልዱበት ፊት አልነበረም። "እዚህ ሀላሌ ነው የምንናገረው፣ እውነቱን። ዝናቡ ቶሎ እንዲመጣ ትፈልጋለህ?"

እፈልጋለሁ ብል ያምኑኝ ነበር፤ ቃሉም አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን "አልፈልግም፣ አባቴ" አልኩ። "እንዲዘገይ ስጸልይ ነው የከረምኩት። ጡቤ ጥሬ ነው።"

ሰዉ አጉረመረመ። አንዱ "ሰማችሁት?" ብሎ ተነሣ። ሽማግሌው እጃቸውን ዘርግተው አስቀመጡት። "እኛ በጨሰ እጃችን ነው የምንከሰው፤ እሱ ግን ሳይዋሽ ተናገረ። ዝናብ እስኪጥል እሱም አያቃጥል፣ እኛም አናቃጥል" ብለው ጨረሱት።

ምድጃው ተረፈ፤ ጥሬው ጡብ ግን ሰማይ ሥር ቀረ። ለባለቤቴ ስነግራት የሚሸፈንበት ነገር ፈልግ አለችኝ። የነበረችኝ አንዲት የተቀዳደደች ሸራ ናት።

ስንት ቀን እንደቆየ እንጃ፣ አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ነፋሱ ዞሮ እርጥብ አፈር ሸተተኝ። ሸራዋን ይዤ ሮጥኩ፤ የክምሩን አንድ ጥግ እንኳ አልሸፈነችም። ጠብ፣ ጠብ ማለት ሲጀምር ቁጭ ብዬ ልመለከተው ነበር። ያኔ ከማሳው ውስጥ አረንጓዴ ነገር እየተወዛወዘ መጣ። ሽማግሌው ናቸው፣ የእንሰት ኮባ ተሸክመው፤ ከኋላቸው ደግሞ ምድጃው ይፍረስ ያሉት ሁሉ።

"ምን ይገትርሃል፣ ደመና ጠባሹ! ከሥር ጀምር፣ እየደራረብክ፣ እንደ ቤት ክዳን!"

ሲሸፍኑ ማሳቸው እየጠጣ ነበር፤ እየሳቁ ይበሰብሳሉ። ከጫፉ ጥቂት ቀለጠ፣ ሌላው ተረፈ።

ዝናቡን ያመጣው ጭሱን መተዋችን ይሁን ቀኑ ደርሶ፣ ዛሬም አላውቅም፤ መምህርቷም አላውቅም ነው ያለችኝ። የገባኝ ይህን ያህል ነው፤ ጠብታም ብቻዋን አትወርድም፣ የምትይዘው ትፈልጋለች። በጋቢዬ የሳቀችው ልጄ የተወለደችው በዚያ ጡብ ግድግዳ ውስጥ ነው። ኮባውን ከራሳቸው ጓሮ ቆርጠው፣ ቀድመው የደረሱልኝ ያ ቀልደኛ ሽማግሌ ስማቸው ጋሽ ላሊሶ ነበር።