ምስጋና የተጠየቅሁበት ቀሚስ

ባለፈው ሳምንት የአክስቴ ልጅ ብርቱካን ከሞጣ ደወለችልኝ። ለእናቷ ሙት ዓመት ሰው ስለሚሰበሰብ እኔም ከቢቸና ሄጄ ሁለት ቃል እንድናገር ፈልጋለች።

"አሳዳጊሽ ናት፤ በሰው ፊት አመስግኛት" አለችኝ።

"እመጣለሁ፣ እበላለሁ፣ ነፍስ ይማር እላለሁ። ከዚያ ሌላ አልናገርም።"

"አንቺ መቼም ቂመኛ ነሽ!"

ነኝ። ምክንያቱን ብርቱካን አሳምራ ታውቀዋለች፤ የማያውቁት ሌሎቹ ናቸው።

እናቴና አባቴ በአንድ ክረምት ተከታትለው ሲሞቱ ገና ልጅ ነበርኩ። ስለዚያ ብዙ አልናገርም። በጥቅምት፣ ጤፉ ሲያዘረዝር፣ በእህል ጫኝ መኪና ላይ ተሳፍሬ በደብረ ወርቅ በኩል ሞጣ፣ አክስቴ ቤት ገባሁ። ጎረቤት የቋጠረልኝን የሽምብራ ቆሎ ከመንገዱ አቧራ ጋር እየቆረጠምኩ።

አክስቴን፣ ወይዘሮ ይመኙሻልን፣ ፊት ለፊት አንቱ እላት ነበር፤ እዚህ ግን አልልም። ጠዋት ጠዋት ጉልበቷን ስሜ "እግዜር ይስጥልኝ እትዬ፣ አብልተው አሳደሩኝ" ማለት ግዴታዬ ነበር። ሽሮ በልቼም ልደር ጦሜን፣ ምስጋናው አይቀርም። ድምፄ ዝቅ ካለ "አልሰማሁም" ትላለች። እደግመዋለሁ። ሰው እያመሰገነ በንዴት ሊቃጠል እንደሚችል ያወቅሁት እዚያ ቤት ነው።

አንድ ተስፋ ነበረኝ፤ ትምህርት ቤት። "ከሥራ በተረፈሽ ሰዓት ጥጥ ፍተይ፤ ፈትሉ ሲበቃ ተሽጦ ትመዘገቢያለሽ" ብላኛለች። ውኃ ቀድቼ፣ በርበሬ ደልዤ፣ ክረምቱን ሙሉ ፈተልኩ። እጄ ገና ስላልለመደ ክሬ አንዱ ጋ ይወፍራል፣ ሌላው ጋ ይሳሳል። መስከረም ላይ ልጆች መመዝገብ ሲጀምሩ አክስቴ ፈትሌን ሰብስባ ወሰደችው። ደስ አለኝ። ሞኝ!

በጥቅምት የማርያም ማኅበር ተራው የእኛ ቤት ሆነ። ድፎው ተቆርሶ ጠላው ከተቀዳ በኋላ አክስቴ ጠራችኝና በእንግዶቹ ፊት አዲስ ቀሚስ አለበሰችኝ።

"እናት አባቷ ቢሞቱ እኔ አልሞትኩ!" አለች። ሴቶቹ እልል አሉ። "በይ፣ ጉልበት ሳሚና አመስግኚ።"

እጅጌውን አየሁት። አንዱ ጋ የወፈረ፣ ሌላው ጋ የሳሳ ክር። ትምህርት ቤቴን ነበር የለበስኩት።

"እትዬ፣ ይህን እኮ የፈተልኩት እኔ ነኝ። ለትምህርት ቤት ነው ብለውኝ ነበር።"

ከሴቶቹ አንዷ "ክሩን እንጃ፣ ምላሷስ በደንብ ተፈትሏል" ስትል ሁሉም ሳቁ።

"አውልቂው! ምስጋና ቢስ! ውጪልኝ ከቤቴ!"

አወለቅሁት። በዚያ ዓመት ጥምቀት ብርቱካን ለብሳው ወጣች።

በር ላይ የደረሱልኝ እማማ እንጉዳይ ናቸው፤ ፈትል ሸጠው የሚኖሩ ባልቴት ጎረቤት። "ነይ ልጄ፣ እኔ ቤት አልጋ የለም፤ የሚሳም ጉልበትም የለም" አሉኝ።

እሳቸው ደግሞ አንድ ልማድ ነበራቸው። ጠዋት እንዝርት ከመንካታቸው በፊት ስለ አንድ ነገር፣ ስሙን ጠርተው፣ ተመስገን ይላሉ። እኔንም "በይ" ሲሉኝ ደሜ ፈላ። እዚህም ምስጋና?

"ምንም የለኝም እማማ።"

"እንግዲያው ቁጭ ብለሽ ፈልጊ። የእኔን ስም እንዳትጠሪ ብቻ፤ ለእኔ ብለሽ ከሆነ አልሰማሽም።"

ብዙ አሰብኩና "ዛሬ የማንንም ጉልበት አልሳምኩም፤ ተመስገን" አልኩ። እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

በማግስቱ በበሩ ስንጥቅ ስለገባችው ፀሐይ አልኩ። ሌላ ቀን ስለ ትኩስ ንፍሮ፣ ሌላ ቀን ክሬ ሳይበጠስ ስለዋለ። ጠዋት ስነቃ የምፈልገው ነገር አገኘሁ፤ ከዚያ በፊት የምነቃው ለመፍራት ብቻ ነበር። በቀጣዩ ዓመት ተመዘገብኩ፤ ጠዋት ተምሬ ከሰዓት እየፈተልኩ መምህርት ለመሆን በቃሁ።

አሁን በየስልኩ "የበደለህንም አመስግን፣ ሰላም ታገኛለህ" የሚሉ ሰዎች በዝተዋል። ያናድዱኛል። የታዘዘ ምስጋና ግብር ነው፤ እኔ ያንን ግብር በልጅነቴ ከፍዬ ጨርሻለሁ። እኔነቴ የዳነው ማንን እንደማመሰግን ራሴ መምረጥ የጀመርኩ ዕለት ነው።

እማማ እንጉዳይ ካለፉ ቆይተዋል። ከእንግዲህ ሊከለክሉኝ ስለማይችሉ አንዳንድ ጠዋት ስማቸውን እጠራለሁ። የአክስቴን ስም ግን አንድም ጠዋት አልጠራሁም። ከልቤ ሲመጣ እጠራዋለሁ እል ነበር፤ ይኸው አረጀሁ፣ አልመጣም።