በአማቴ ደጃፍ የታጠበ እግር

በደርግ ጊዜ ገሳይ ከተማ ለጋብቻ የጠየቅኋትን ልጅ አባቷ የከለከለኝ በአክስቴ እግር ምክንያት ነው። «ዝሆኔ በዘር ይወርዳል» ብሎ ሽማግሌዎቼን መለሳቸው። እኔም ሞኙ ተናድጄ ቤት ገባሁና አክስቴን፣ «ሰው ሲመጣ ጓዳ ይግቡ» አልኳቸው።

እናት ሆነው ያሳደጉኝ እርሳቸው ናቸው። የደብረ ታቦር ጤና ጣቢያ ድሬሰር ምክር ከሰጣቸው ጀምሮ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ያበጠ እግራቸውን በሳሙና ያጥባሉ፤ በጣቶቹ መሃል ሳይቀር አድርቀው ቅባት ይቀባሉ። ከዚያ በርጩማ ላይ ሰቅለውት ጨው ያልበዛበት ሽሯቸውን ይበላሉ።

በማግስቱ የሚታጠቡበትን ሳፋ አሸክመውኝ በጭነት መኪና ገሳይ ሄድን። በልጅቷ አባት ደጃፍ ተቀምጠው መታጠብ ጀመሩ።

«ሴትዮ፣ ምን ነካዎት?» አለ አፍንጫውን ይዞ።

«አፍንጫህን ልቀቅና ቅረብ። ይሸታል?»

ጎንበስ አለ። «ኧረ አይሸትም።»

«በባዶ እግሬ ቀይ አፈር ስረግጥ ኖሬ ያመጣሁት ነው። ለዚህ ልጅ የማወርሰው ሳሙናውን ብቻ ነው!»

ጎረቤቱ ሁሉ ሳቀ። እኔ መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ።

አክስቴ ካረፉ ወዲህ ያ እግራቸውን የሚታጠቡበት ሰዓት ሲደርስ መቀመጥ አቅቶኛል። እወጣለሁ፣ እገባለሁ፤ በርጩማውን ከመደቡ ወደ በሩ፣ ከበሩ ወደ መደቡ አመላልሳለሁ። ሚስቴ፣ «ኧረ አንድ ቦታ ቁጭ በል!» ትለኛለች። እሷን ያገኘሁት አሮጊት ሴት በሰው ደጅ እግራቸውን ገልጠው ነው፤ ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ይቅርታ እንኳ አልጠየቅኋቸውም። አባቷ እሺ ብሎ ልጁን የሰጠኝ በዚያው ዓመት፣ በዳግም ትንሣኤ ማግስት፣ ሰኞ ዕለት ነው።