ለሁለት አንድ መጽሐፍ

ኮሌጅ የገባን ጊዜ አዲስ ተማሪዎች ሁሉ ትምህርት ከመጀመሩ በፊት አንድ ዓይነት መጽሐፍ አንብበን እንድንመጣ ታዘዝን። በመጀመሪያው ሳምንት አዳራሽ ተሰብስበን እንወያይበታለን ተባለ። መጽሐፉ ለሁሉም ስላልበቃ በአንድ ሰፈር ለምንኖር ለሁለት አንድ ሰጡን። ለእኔ የደረሰችኝ በቤተ ክርስቲያናችን መዘምራን አብራኝ የምታገለግል ጓደኛዬ ነበረች። እናትና አባቷን በሕፃንነቷ አጥታ፣ እዚያው እኛ ሰፈር፣ አሥራ ስምንት ማዞሪያ፣ ከአክስቷ ጋር ነው የምትኖረው።

እኔ ቶሎ አነባለሁ። ከተቀመጥኩበት ብዙም ሳልነሳ ጨርሼ ሰጠኋት። ታሪኩ ከገጠር ወጥቶ ከተማ ስለገባ ወጣት ነው። እንዴት ነው ብትሉኝ ግን "ጥሩ ነው" ከማለት ሌላ የምለው አልነበረኝም።

እሷ ደግሞ ድምፅ አውጥታ ካላነበበች አይገባትም። የአክስቷ ልጆች ቤቱን በጩኸት ያናጉታል። አንድ ቀን "አባትሽ ሱቅ ቁጭ ብዬ ባነብ ይቆጡኛል?" አለችኝ። አባቴ አየር ጤና አካባቢ ባለው ሱቁ ቀለም፣ ሚስማርና ቧንቧ ይሸጣል።

"ኧረ ምን ይልሻል!" አልኳት። በኋላ ያችን ቃሌን ስንት ጊዜ ረገምኳት።

በሳምንቱ ምሳውን ላደርስ ስሄድ አባቴ የቀለም ባልዲ ላይ ተቀምጦ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ አገጩን በእጁ ደግፎ ያዳምጣታል። አንድ ደንበኛ በር ላይ ቆሞ የቧንቧ መቀጠያ ጠየቀ።

"አንዴ ጠብቀኝ ወንድሜ፣ ልጁ መኪናው ላይ ሊወጣ ነው" አለው አባቴ።

ከስምንተኛ ክፍል ስመረቅ ደንበኛ ይዞት ፎቶ ከተነሳን በኋላ የደረሰው አባቴ ነው ይህን ያለው።

"አባዬ፣ ምሳህ ይቀዘቅዛል።"

"እዚያ አስቀምጪው የኔ ልጅ" አለኝ፣ ዞር ብሎም ሳያየኝ።

ቤት ሲገባም ወሬው እሷ ሆነች። "ያቺ ልጅ ስታነብ እኮ ሰውየው ፊትሽ ይቆማል!" አንድ ምሽት እልህ ያዘኝና ከመጽሐፍ ቅዱስ አንድ ምዕራፍ ጮክ ብዬ አነበብኩለት። ሳላጋምሰው አንኮራፋ።

ከሁሉ የባሰብኝ ግን "ጋሼ" ስትለው የነበረችው ልጅ "አባባ" ማለት የጀመረች ቀን ነው። አባት እንደሌላት አውቃለሁ። ማወቄ ቅናቱን አላበረደልኝም፤ እንዲያውም በቅናቱ ላይ እፍረት ጨመረብኝ። ያን ቀን መጽሐፉን ዘግታ ይዛ አባቴን ታዳምጠው ነበር።

"እኔና ወንድሜ ሁለታችንም መማር እንፈልግ ነበር" ይላል አባቴ። "አባታችን ወደ ከተማ መላክ የሚችለው ግን አንዳችንን ነው። ወንድሜ 'አንተ ሂድ' አለኝ።"

እሷ እንባዋን ጠረገች። እኔ ቧንቧዎቹ አጠገብ ቆሜ ቀረሁ። አጎቴን አውቀዋለሁ፤ በየዓመቱ ለመስቀል ቆጮና ቅቤ ይዞ ይመጣል፣ ብዙ ሳይናገር ሰንብቶ ይመለሳል። ይህን ታሪክ ግን አባቴ ለእኔ ነግሮኝ አያውቅም።

የውይይቱ ቀን መምህሩ "መጽሐፉ ውስጥ ያለውን ወጣት የሚመስል ሰው የምታውቁ አላችሁ?" ብሎ ጠየቀ። ጓደኛዬ እጇን አወጣች።

"እንደ አባቴ የማያቸው ሰው አሉ" ብላ ጀመረች። በዚያ የመዝሙር ድምፅዋ የሁለቱን ወንድማማቾች ታሪክ ተረከችው። ስትጨርስ ተጨበጨበ። አጠገቤ የተቀመጠች ልጅ "እንዴት ያሉ አባት ናቸው!" አለችኝ። የእኔ አባት እኮ ነው ብዬ ልጮህ አፌ ድረስ መጥቶ ነበር።

ታክሲ ውስጥ ጓደኛዬ "ደበረሽ እንዴ?" አለችኝ።

"ራሴን አሞኝ ነው።"

ቤት ስገባ አባቴ "ውይይቱ እንዴት ነበር?" አለኝ።

"የአንተን ታሪክ ተናገረች። ወንድምህ 'አንተ ሂድ' እንዳለህ። ሰው ሁሉ አጨበጨበላት።"

ደስ ይለዋል ብዬ ስጠብቅ ጎንበስ አለ። ጫማውን አወለቀ።

"እንደዚያ አላለኝም" አለ በመጨረሻ።

"እና?"

"ከእኔ ይልቅ እሱ ነበር ጎበዙ። ግን ታላቅ ስለሆነ ለእርሻው ይሻላል ተባለና እኔ ተላክሁ። የሄድኩ ዕለት ሊሸኘኝ አልወጣም። እናቴ ስትጣራ ጓሮ እንሰቱ መሃል ተደብቆ ነበር። ለዓመታት አላናገረኝም። ቀንቶብኝ ነው። እንዴት አይቅና?"

"ታዲያ ለእሷ ለምን እንዲያ አልካት?"

"የወንድምን ቁስል ለእንግዳ ያሳያሉ እንዴ?"

እንግዳ። ቃሏ ምን ያህል እንደጣፈጠችኝ አልደብቅም። ወዲያው ደግሞ እንሰት መሃል የተደበቀው ልጅ ታየኝና ጣዕሟ ጠፋ።

"አሁንስ ታርቃችኋል?" አልኩት።

"እንጃ። ይመጣል፣ ይበላል፣ ይሄዳል።"

ጓደኛዬ እስካሁን እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ቤታችን ትመጣለች። "አባባ" ስትለው አባቴ ፊቱ ይበራል፤ እኔም ቅናቱ ለቀቀኝ ብል ውሸት ነው።

በዓመቱ መስቀል አጎቴ ሲመጣ ግን እንደ ድሮው ሰላም ብዬው አላለፍኩም። ውሃ አስታጥቤው አጠገቡ ተቀመጥኩ።

"አጎቴ፣ ተምረው ቢሆን ኖሮ ምን ይሆኑ ነበር?"

እንዲህ ብሎ የጠየቀው ሰው ያለ አይመስለኝም። እጁን በፎጣው ቀስ ብሎ አደረቀ፣ ባሻገር የተቀመጠውን አባቴን አየት አደረገውና፣

"ዳኛ" አለ።