በጩኸት የምተኛ ሰው

እኔ በቀትር የምተኛው በጩኸት ነው። ብትስቁም ሳቁ።

አምቦ ላይ ፊደል ሳስቆጥር ነው ያረጀሁት። ልጆቹ ግቢዬ ካለችው ዛፍ ሥር ተኮልኩለው አንዱ ሀሁ፣ አንዱ አቡጊዳ፣ አንዱ ዳዊት፣ ሁሉም ባንድ ላይ ይጮኻሉ፤ እኔ ጋቢዬን ተከናንቤ አንቀላፋለሁ። አንዱ ከተሳሳተ ግን ብድግ ነው! «ድገም!» እልና መልሼ እተኛለሁ። የየኔታ ጆሮ እንዲህ ነው፤ ስህተት እንጂ ጩኸት አይቀሰቅሰውም።

አብዮቱ ከፈነዳ በኋላ ቀበሌው ትምህርት ቤት ከፈተና ወላጆቹ ልጆቻቸውን እየሰበሰቡ ወሰዱ። አልቀየምኩም ብል ውሸቴን ነው። ድሮ ከኔ ዘንድ ተረትና ምሳሌ ይዞ የሚወጣው ልጅ አሁን መፈክር እያሰማ በደጄ ያልፋል። ጎረምሳውም አፍሮውን አበጥሮ ቡና ቤት ውስጥ በቴፕ ይወዛወዛል። ይወዛወዝ፣ ምን ቸገረኝ! እኔን የጎዳኝ የግቢዬ ጭር ማለት ነው። በቀትር ጋደም እላለሁ፣ ዓይኔ አልከደን ይላል። «ዝም አይነቅዝም» ይባላል። ይህን የተረተ ሰው ብቻውን ኖሮ አያውቅም፤ እኔ ነቅዣለሁ። የምመኘው አንድ ነገር ነበር፤ የማንም ይሁን የማን፣ ግቢዬ ውስጥ የሚያነብ ድምፅ።

አንድ ቀን ጎረቤቴ ባለሱቁ መጣ። ከደቡብ መጥቶ አምቦ የከረመ ሙስሊም ነጋዴ ነው፣ በዕድሜ ከኔ ብዙም አያንስ። ከእንጭኒ የመጣውን ገበያተኛ በኦሮምኛ «አካም ጂርታ?» ብሎ ይቀበላል፣ ከቢሮ ሠራተኛው ጋር በአማርኛ ይቀልዳል፣ ከሚስቱ ጋር በአገሩ ቋንቋ ይጨቃጨቃል፤ በአንዱም ግን መጻፍ አይችልም። ቀበሌው ደግሞ መሠረተ ትምህርት ተምረህ ተፈተን ብሎታል።

«የኔታ፣ ደንበኞቼ ፊት ‹ሀ በል› ልባል? ያውም ልጄ በሚሆን ጎረምሳ? እባክዎ እርስዎ ያስተምሩኝ።»

«እኔ እኮ የማስነብበው መልእክተ ዮሐንስና ዳዊት ነው።»

«አውቃለሁ። ለዚህ መላ ያጣሉ?»

መላ አላጣሁም። ፊደሉን ሲለይ፣ በሃይማኖቱ እንዳልገባበት ብዬ፣ በዮሐንስ ፋንታ ተረትና ምሳሌ በሰሌዳ እጽፍለት ጀመር። በቀትር ሱቁን ይዘጋል፣ ይሰግዳል፣ ይመጣል። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለውን ለማንበብ ላቡ ጠብ እስኪል ታገለ። «ይህ እንቁላል እስኪሄድ እኔ እሞታለሁ!» ብሎ አሳቀኝ። ከሁሉ የወደደው ግን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለውን ነው፤ ነጋዴ አይደል? እሱን ጮክ ብሎ ሲደጋግም እንቅልፍ ይዞኝ ሄደ። ተመስገን!

ፈተናው ደረሰ፤ ባለሱቁም አለፈ። ሰርተፍኬቱን ሱቁ ውስጥ ከስኳሩ ጆንያ በላይ ሰቀለው። መረቅሁት፣ ደስ አለኝ፤ ቤቴ ስገባ ግን ሆዴ ባባ። ያለፈ ተማሪ ምን ሊሠራ ይመለሳል? በማግስቱም በሳልስቱም አልመጣም። ሰሌዳውን ልደመስስ እነሣና እጄ እንቢ ይለኛል። ለራሴ ዳዊቴን ጮክ ብዬ ባነብስ ብዬም ሞከርኩ። ለካ ሰው በገዛ ድምፁ አይተኛም።

ከሰነበተ በኋላ አንድ ቀትር የግቢው በር ተንኳኳ። ባለሱቁ ነው። ሰላም አለኝና የለመዳት ዱካ ላይ ቁጭ ብሎ፣ ምንም ሳልጠይቀው፣ ሰሌዳው ላይ የቀረውን ከላይ ጀምሮ ያነብ ገባ። አሁን ላብ የለም፣ ውሃ እንደሚጠጣ ነው። ጋቢዬን ተከናነብኩ። እንቁላሉ ሲሄድ ሰማሁ፤ ከዚያ ወዲያ አላውቅም።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ጌጡ...»

ብድግ አልኩ። «ስህተት! አንተ ሰው፣ ሰርተፍኬት ሰቅለህ እንዲህ ታነባለህ?»

«ትንፋሽዎ ጠፋብኝ እኮ» አለ፣ ሳቁን እየዋጠ። «ሞተው እንደሆን ልወቅ ብዬ ነው።»

እንባዬን እንዳያይብኝ ጋቢዬን ፊቴ ላይ ሳብኩ።

«ድገም!» አልኩት።

«ከመጀመሪያው?»

«ከመጀመሪያው።»