የግራው ክንፍ ጫጫታ

ትዝ ባለኝ ቁጥር እስከ ዛሬ ደሜ ይፈላል። በደርግ ዘመን ነው። በመሥሪያ ቤታችን አንድ ለናቱ ኮምፒውተር፣ አውሮፕላን ሊያርፍ ሲል ከክንፉ የሚዘረጋው ፍላፕ ምን ያህል ጫጫታ እንደሚያወጣ አሰላ ነበር። ሁለት ዓይነት ፍላፕ በሐሳብ አንዱን በግራ፣ አንዱን በቀኝ ገጠምኩና ውጤቱን ለአለቃዬ በአማርኛ ጻፍኩ፦ «የግራ ክንፍ ጫጫታ ከቀኝ ክንፍ ይበልጣል።»

ማታ ወደ ቤቴ ልገባ አዲሱ ገበያ ከታክሲ ስወርድ አብዮት ጠባቂው ቦርሳዬን ፈትሾ ወረቀቷን አገኛት። በቀጥታ ወደ ቀበሌ!

ሊቀመንበሩ ሦስት ጊዜ አነበቧት።

«አንተ! ግራ ክንፉ ነው የሚንጫጫው?»

«የአውሮፕላን ክንፍ እኮ ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር!»

«አውሮፕላኑ የታለ?»

«የለም። ኮምፒውተሩ ውስጥ... ማለቴ፣ እንዳለ ተቆጥሮ ነው።»

«የሌለ አውሮፕላን ይጮሃል? አብዮቱ ግራ ነው፤ የሚንጫጫው ቀኙ ነው!»

ለሰዓታት አግዳሚ ላይ አስቀምጠውኝ ሲያበቁ፣ በቀይ እስክሪብቶ «ግራ»ን «ቀኝ»፣ «ቀኝ»ን «ግራ» አደረጉና ማኅተም መትተው ለቀቁኝ።

በማግስቱ እየተንጨረጨርኩ ወረቀቷን አለቃዬ ጠረጴዛ ላይ ወረወርኳት። መሐንዲስ ናቸው፣ አብረውኝ ይናደዳሉ ብዬ ነበር። ማኅተሙን አዩ። ተነሥተው በሩን ዘጉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፦

«በል ቶሎ ሂድና ኮምፒውተሩን አስተካክል» አሉኝ።